ያልሞላው አንድ

አባቴን ሰፈሩ ሁሉ «ዘጠኝ» እያለ ነው የሚጠራው። ቀኝ እጁ ላይ አውራ ጣት የለውም፤ የቀሩትን ጣቶቹን የቆጠረ ሰው ስሙ ከዚያ የመጣ ይመስለዋል። እሱ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። ስሙ የወጣለት ግን እስከ አሥር መቁጠር አቅቶት ጣቱን አስቆረጠ ተብሎ ነው። አባቴ አናጺ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲለካና ሲቆጥር የኖረን ሰው መቁጠር አይችልም ብሎ ስም ከማውጣት ፊቱ ላይ መትፋት ይሻላል። እሱ ግን «ዘጠኝ!» ሲሉት «አቤት» ይላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ «አቤት» ነው።

ነገሩ የሆነው በትልቁ አጎቴ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። አጎቴ የቤቱ ባለቤት ነበር፤ አባቴ ደግሞ የቤቱ እጅ። እዚያ ቤት በክብ እንጨት ዙሪያ ቦይ የሚያወጣ ማሽን አለ። እንጨቱ የሚዞር ሰሃን ላይ ይታሰራል፤ ስንት ቦይ እንደሚፈለግ ቁጥሩ ይነገረዋል። መጋዙ ከላይ ይወርዳል፣ አንድ ቦይ ይቆርጣል፣ ይነሳል። ሰሃኑ ትንሽ ዞር ይላል፤ መጋዙ እንደገና ይወርዳል። ዙሩ ሲሞላ ሁሉም ይቆምና ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ሰጋቱራ በነገሠበት ቤት ግን መብራት ማን ያያል? መብራቱ ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ነው። ስለዚህ የቤቱ ልማድ ከማሽኑ ጋር ጮክ ብሎ መቁጠር ነበር። ስምንት ቦይ ከሆነ ሠራተኛው «ስምንት!» ይልና እጁን ሰዶ እንጨቱን ያወጣል። አራትም፣ ስምንትም፣ አሥራ ስድስትም እንዲህ ሲቆጥሩ ኖረዋል፤ ማንም ተጭሮ አያውቅም።

አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ የተሰበረ የጠረጴዛ እግር ይዘው መጡ። የድሮ ሥራ ነው፤ ዙሪያውን አሥር ቦይ አለው። «ከቀሩት ከሦስቱ ጋር የሚመሳሰል አንድ ሥሩልኝ» አሉ። በዚያ ማሽን አሥር ቦይ ተቆርጦ አያውቅም ነበር። አባቴ እንጨቱን አሰረ፣ ለማሽኑ አሥር ብሎ ነገረው፣ እየጮኸ ቆጠረ፣ «አሥር!» አለ፣ እጁን ሰደደ። መጋዙ ወረደ።

ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን የማሽኑን ፕሮግራም የጻፈው ኢንጂነር ራሱ ሊመረምር መጣ። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ አባቴን ደግፌ የመጣሁት እኔ ነኝ። ኢንጂነሩ አባቴ ሲቆርጠው የነበረውን የእንጨት እግር አነሳና በሰው ሁሉ ፊት እያዞረ ቆጠረው።

«አሥር ቦይ አለው» አለ። «አንዱ ቦይ ከንፈሩ ተሰብሯል፤ መጋዙ ጣት ላይ ሲያርፍ ያፈነገጠው እዚህ ጋ ነው። እንግዲህ የመጨረሻው ቦይ ሳይቆረጥ ነው እጅ የገባው። ዘጠኝ ላይ ማለት ነው።»

አባቴ በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አሥር ቆጥሬአለሁ» አለ።

«አባባ፣ አሥር ቢቆጥሩማ ኖሮ ዛሬም አሥር ጣት ይኖርዎት ነበር።»

ሰው ሳቀ። አጎቴም ሳቀ። ኢንጂነሩ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ «ማሽን አይሳሳትም፤ የሚሳሳት ሰው ነው» አለና እጁን በመሐረብ ጠርጎ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ዘጠኝ ሆነ። ማሽን ላይ የሚያቆመው ሰው ጠፋ። እንጨት ማለስለስና ቀለም መቀባት ላይ አስቀመጡት፤ ያንንም በግራ እጁ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በእኛ ቤት ግን የተወጋውም የረሳ መሰለ። ያንን የጠረጴዛ እግር አባቴ ቤት ይዞት ገባ፤ እናቴ ለማገዶ ልትፈልጠው ስትነሳ «እንጨቱ ምን አጠፋ?» ብሎ አስጣላት። የጓዳችን በር ንፋስ ስለሚያንገላታው በሩን መደገፊያ አደረገው። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ያ እግር ቁርጭምጭሚቴን ይመታኛል። እኔ ደግሞ በመታኝ ቁጥር የዚያን ቀን ሳቅ እሰማለሁ።

አድጌ ፕሮግራም መጻፍ ተማርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መምህራችን አንድ ቀላል ነገር አሠሩን። «አንድ አሥረኛን አሥር ጊዜ ደምሩ፤ ከዚያ ድምሩ አንድ ሞልቶ እንደሆነ ኮምፒውተሩን ጠይቁት» አሉ። ጠየቅሁት። «አልሞላም» አለኝ። ድምሩን አሳየኝ ስለው ዜሮ ነጥብ ብሎ ጀመረና ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ እያለ እስከ መስመሩ ጫፍ ሄደ። የአባቴ ስም ማያው ላይ ተሰልፎ አፈጠጠብኝ።

መምህሩ እንዲህ ብለው አስረዱን። ኮምፒውተር ከውስጥ የሚያውቀው ማጋመስ ብቻ ነው። ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ፣ የዚያም ግማሽ። ሩብና ስምንተኛ ለእሱ ቀላል ናቸው። አንድ ዳቦ በማጋመስ ብቻ ለአሥር ሰው እኩል አካፍሉ ብትባሉ ግን ዕድሜ ልክ ብትቆርጡ ትጠጋላችሁ እንጂ አትደርሱም። ኮምፒውተሩም አንድ አሥረኛን አስጠግቶ ነው የሚይዘው። አሥሩን ሲደምር ያቺ «አስጠግቶ» ያላት ነገር ትጠራቀምና ድምሩ ከአንድ በጣም በጣም ጥቂት ይጎድላል። «ስለዚህ ልጆች፣» አሉ መምህሩ፣ «የሚቆጠር ነገር ካላችሁ በሙሉ ቁጥር ቁጠሩ። ክፍልፋይ እየደመራችሁ ‹ሞላ ወይ?› አትበሉ። ጀማሪም የማይስተው ነገር ነው።»

ጀማሪም የማይስተው። ከክፍሉ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

ቤት ገብቼ በሩን ለቀቅሁትና የእንጨት እግሩን አነሳሁት። ሐሳቤ ይሄ ነበር፦ ማሽኑ አሥሩን ቦይ ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ ዙሩ የሞላ ካልመሰለው አሥራ አንደኛ ጊዜ ይወርዳል። አሥራ አንደኛው የሚያርፈው ደግሞ ዙሩ በጀመረበት፣ በመጀመሪያው ቦይ ላይ ነው። ስለዚህ ቦዮቹን የቆጠረ ሁሉ አሥር ያገኛል። የተሰበረው ግን የመጨረሻው ሳይሆን የመጀመሪያው ይሆናል ማለት ነው። የትኛው መጀመሪያ እንደተቆረጠ ማን ያውቃል?

አባቴ ያውቃል። እንጨት ሲያስር የመጀመሪያው ቦይ በሚያርፍበት በኩል፣ ከሥሩ፣ በእርሳስ ትንሽ ሦስት ማዕዘን የመሣል ልማድ አለው። እንጨቱ ቢንሸራተት መልሶ በቦታው የሚያስረው በዚያ ምልክት ነው። እግሩን ገለበጥኩት። ሥሩ ከመሬት ሲታሽ ኖሮ ጠቁሯል። በምራቄ አራስኩና በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁት። ሦስት ማዕዘኗ አለች። በቀጥታ ከተሰበረው ቦይ ሥር።

አባቴ ከሥራ ሲገባ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየው። በግራ እጁ አውራ ጣት ምልክቷን ዳበሳት።

«አሥር ነበር» አለ።

«አሥር ነበር፣ አባዬ።»

«እኔማ አውቃለሁ» አለና እግሩን ወደ ቦታው መልሶ በሩን ደገፈበት። «በቃ ተይው እንግዲህ።»

እናቴም ከጓዳ ሆና «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለች። እኔ መች ልጸልይ አሰብኩና! እኔ ያሰብኩት ጣት ነው። አውራ ጣት ለአውራ ጣት። ሰው ደግ ናት እንዲለኝ ብዬ የምደብቀው ነገር የለኝም።

ትምህርቴን ስጨርስ ሌላ ቦታ አልጠየቅሁም፤ የኢንጂነሩ ድርጅት ገባሁ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አላወቀም። የአባቴን ስም ከማመልከቻዬ ላይ ቢያነበውም እሱ አባቴን በስም ጠርቶት አያውቅም፤ «አባባ» ነው ያለው። ቢሮው የማሽን መለማመጃ አዳራሽ ጎን ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በግድግዳው በኩል የመጋዝ ድምፅ ይሰማል። አጠገቤ የምትቀመጠው፣ ፕሮግራሞችን የምትሞክረው ሠራተኛ ሁሉንም ነገር ሁለት ጊዜ ስለምትጠይቅ «ጥርጥር» ይሏታል። ሥራ በጀመርኩበት ቀን ያስተማረችኝ የመጀመሪያ ነገር የሻይ ክፍሉን ሳይሆን የማይነካውን ነው።

«ሰሃኑን የሚያዞረው የፕሮግራሙ ክፍል፣ ፈንክሽኑ፣ አለ አይደል? ‹አዟሪው› እንለዋለን» አለችኝ። «እሱን ማንም አይነካም። ኢንጂነር በእጃቸው የጻፉት ነው።»

«ቢበላሽስ?»

«አይበላሽም ይላሉ። እኔ በአሥር ልሞክረው ብዬ ጠይቄ ‹በስምንት ሞክሪ፣ ይበቃል› ተብያለሁ። ሁለቴ ጠየቅሁ፤ ሁለቴ ስምንት።»

ከፍቼ አነበብኩት። ማሽኑ ቀለሙ ተቀይሯል፣ ቆዳው ተለውጧል፤ ልቡ ያው ነው። ፈንክሽኑ የቦዩን ብዛት ይቀበልና አንድን ለእሱ ያካፍላል፤ በየቁርጡ ያንን ክፍልፋይ ይደምራል። «ድምሩ ከአንድ እስካነሰ ድረስ ቁረጥ» ይላል። ይሄው ነው። አባቴን ዘጠኝ ያደረገው ይህች አንዲት መስመር ናት። በስምንት ድምሩ ልክ አንድ ይሆናል፤ በአሥር ደግሞ አሥረኛው ላይ ገና አይሞላም። ማሽን ደግሞ እንደ ሰው «ለጥቂት ነው፣ ይለፍ» አይልም።

ኢንጂነሩን ቢሮው ሄጄ «አዟሪው ውስጥ አንዲት መስመር ላስተካክል? ቁርጦቹን በሙሉ ቁጥር ብንቆጥር ይሻላል» አልኩት። ድምፄን እንደ ጀማሪ አለሳልሼ ነው።

ከወረቀቱ ቀና ሳይል «የሚሠራ ነገር አይነካም» አለ። ፈጥኖ ነው ያለው። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ለምን ብሎ የማይጠይቅ መሐንዲስ ወይ ሰንፎአል ወይ መልሱን ያውቃል።

የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ምክንያቱም ኢንጂነሩ አንድ የታወቀ ትርኢት አለው። ገዢዎች ሲመጡ ማሽኑን በስምንት ያስነሳና እንግዶቹ ከማሽኑ ጋር እንዲቆጥሩ ያደርጋል። ልክ «ስምንት!» ሲሉ፣ አረንጓዴው ሳይበራ፣ እጅጌውን እንደሰበሰበ እጁን ከመጋዙ ሥር ይከታል። ከዚያ መብራቱ ይበራል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ እሱም ያቺን «ማሽን አይሳሳትም» ይላል። እንግዲህ አንድ ሰው «አሥር ይሁን» ቢለውስ? ካላወቀ ጣቱ ይሄዳል። ካወቀ ደግሞ ስሙ። ሁለቱም ለእኔ ይበቃኝ ነበር። አንዱ ግን ከሌላው ይጣፍጠኛል፤ የትኛው እንደሆነ ተናግሬአለሁ።

ቀኑ ራሱ መጣ። አዲሱ ማሽን ሊታይ ነው ተብሎ የእንጨት ቤቶች ሁሉ ተጠሩ፤ አጎቴም ተጠራ። አሮጌው ማሽን ስላደከመው ሊቀይር ፈልጓል። ለማየት ደግሞ ዓይን ያለው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ደግሞ፣ ዘጠኝ ቢለውም፣ ከወንድሙ ሌላ እንደሌለ ያውቃል። ማሽኑን የማንቀሳቅሰው እኔ እንደሆንኩ ሲነገረኝ አባቴን ደጃፋችን ላይ አስቀመጥኩት።

«ስምንቱን አሳይተው ሲጨርሱ ‹አሥር ይሁንልን› ትላለህ። ሌላ ምንም አትናገር።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እና እጁን ቢከትስ?»

«ቀዩ ማቆሚያ እኔ እጅ ሥር ነው። አሥር እንዳሉ እጫነዋለሁ።»

«ትጫኚዋለሽ?»

«እጫነዋለሁ አልኩህ እኮ፣ አባዬ።»

«እሺ» አለ። አባቴ ለልጁ ቃል ክብር ያለው ሰው ነው።

አዳራሹ በጠዋት ሞላ። አባቴ ያቺን አንድዬ ኮቱን ለብሶ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ከአጎቴ ጎን ቆመ። ኢንጂነሩ ከእንግዶቹ ፊት ወዲያና ወዲህ እያለ ማሽኑን አስተዋወቀ። «ለደኅንነት ሁለት ቀይ ማቆሚያ አለው» አለ። «አንዱ እዚህ፣ ልጅቷ ጋ ነው። ሁለተኛው እናንተ ጎን፣ እዚያ ጋ። ማንም ሰው ቢነካው መጋዙ ባለበት ይቀራል።» በእጁ የጠቆመው አባቴ የተደገፈውን ቋሚ ነበር። አባቴ ዞር ብሎ ቀዩዋን አየ፤ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰውም ትንሽ ፈቀቅ አለላት።

ስምንት አስገባሁ። እንግዶቹ እየሳቁ ቆጠሩ። «ስምንት!» ሲሉ ኢንጂነሩ እጁን ከመጋዙ ሥር ከተተ፤ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ፤ አረንጓዴው በራ። ጭብጨባ። «ማሽን አይሳሳትም፣» አለ፣ «የሚሳሳት ሰው ነው።»

ጭብጨባው ሲበርድ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሥር ይሁንልን።»

ኢንጂነሩ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። «አሥር ከስምንት በምን ይለያል? ያው ነው እኮ አባባ።»

«ያው ከሆነ አሥር ይሁንልን።»

አጎቴ ነገሩን ሳያውቅ ገባበት። «ልክ ነው! የድሮ ዕቃ ይዘው የሚመጡ ደንበኞች አሥር ነው የሚሉን፤ እኛ ግን እንመልሳቸዋለን። አሥሩን እንይ!» ከኋላ የነበሩትም ተቀበሉት። አሥር፣ አሥር ተባለ። ኢንጂነሩ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ አንድ ነገር እየለመነኝ ነበር፦ ማሽኑ ተበላሸ በዪ፣ መብራት ጠፋ በዪ፣ አንድ ነገር በዪ። እኔ ደግሞ እንደ ታዛዥ ልጅ «አሥር ላስገባ፣ ኢንጂነር?» አልኩ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

«አስገቢ።»

አዲስ እንጨት አሰርኩ። አሥር አስገባሁ። መዳፌን ቀዩ ላይ አድርጌ ማሽኑን ለቀቅሁት።

መቁጠር ተጀመረ። አንድ። ሁለት። አባቴ አብሮ እየቆጠረ ነበር፤ ከንፈሩን አየሁት። ኢንጂነሩ እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ። ሰው ሲያየው ምን ያድርግ? አምስት። ስድስት። እስኪ ሲሰበስብ ልየው አልኩ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ስምንት። ዘጠኝ ሲሉ አጎቴ በልማዱ አባቴን በክርኑ ጎሸመውና ሳቀ። የኢንጂነሩ እጅ ተነሳ፤ ወደ መጋዙ ሄደ። ያኔ የአጎቴ ሳቅ፣ የድሮው ሳቅ፣ «አሥር ጣት ይኖርዎት ነበር» የሚለው፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ።

«አሥር!» አለ አዳራሹ።

መዳፌን ከቀዩ ላይ አነሳሁ።

የኢንጂነሩ እጅ ከሰሃኑ ጠርዝ ላይ ደረሰ። ቆመ። ከዚያ እጁን ሳበና ከወገቡ ኋላ ደበቀው። ሰው «ክተት እንጂ!» ብሎ ሊስቅ አፉን ሲከፍት መጋዙ ወረደ። አሥራ አንደኛ። በመጀመሪያው ቦይ ላይ አረፈ፣ ተነሳ፣ ሁሉም ቆመ። አረንጓዴው በራ።

ማንም አላጨበጨበም።

መጀመሪያ የተናገረው አጎቴ ነው። «አሥራ አንድ ወረደ» አለ። እንደ ሕፃን ነው ያለው። «ወንድሜ፣ አሥራ አንድ ወረደ እኮ!»

አንድ ሽማግሌ አናጺ ከኋላ «የእኛም ቤት ማሽን አንዳንዴ አንድ ይመርቃል» አለ። «ደንቡ መስሎን ነው ዝም ያልን።»

አባቴ ወደ ማሽኑ ቀረበና ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። ከፍ አላደረገውም፤ ሰሃኑ ጠርዝ ላይ ብቻ አስቀመጠው፤ የኢንጂነሩ እጅ የቆመበት ቦታ ላይ። «ኢንጂነር፣ ያኔ ስንት ላይ ነው እጅህን የከተትከው ያሉኝ?»

ኢንጂነሩ የአባቴን እጅ አየ። ከዚያ ፊቱን አየ። አወቀው። «አረንጓዴውን...» አለ፤ «መመሪያው ላይ አረንጓዴውን ይጠብቁ ይላል። እኔም አሁን አረንጓዴውን ነው የጠበቅሁት።»

ጥርጥር ከግድግዳው ጥግ ሆና ድምጿን አሰማች። «ይቅርታ ኢንጂነር፤ ስምንቱ ላይ አረንጓዴውን ጠብቀው ነበር?»

ኢንጂነሩ የሰበሰበውን እጅጌ ወደ ታች መለሰ።

«ይቅርታ፣ ሁለቴ መጠየቅ ልማዴ ነው። ስምንቱ ላይ ጠብቀው ነበር?»

«ላስተካክለው አስቤ ነበር» አለ ኢንጂነሩ። ለማንም አልነበረም ያለው። «የተሸጡት ሁሉ መጠራት አለባቸው፤ እንዴት ብዬ... ላስተካክለው አስቤ ነበር።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እውነት እላለሁ፣ ጠጣ። ግን እየጠጣም ዓይኔ ከእጁ ላይ አልተነሳም። ሙሉ እጅ። አምስቱም ጣት አለ። ሰው ሁሉ ጉድ ሲል እኔ ያቺን አውራ ጣት ነበር የማየው።

ከሥራው በዚያው ቀን ተባረርኩ፤ የተባረርኩበት ደብዳቤ ላይ የፈረመው ኢንጂነርም በሹመቱ ብዙ አልቆየ። ጥርጥር እንደነገረችኝ የተሸጡት ማሽኖች አንድ በአንድ እየተጠሩ ነው፤ አዟሪውን እሷ በሙሉ ቁጥር ጽፋዋለች፤ ኢንጂነሩን ደግሞ ቢሮው ውስጥ «አሥራ አንድ» እንጂ በሌላ የሚጠራው የለም። ይበለው። ሲጠሩት አቤት ይበል።

አጎቴ ያን ቀን በመኪናው አደረሰን። ደጃፋችን ላይ ስንወርድ በልማዱ «ዘጠ...» ብሎ ጀመረና ተወው። መሪውን እንደያዘ አለቀሰ። አባቴ በመስኮቱ በኩል ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ይሁን፣ ወንድም ጋሼ። ነገ ማሽኑ ላይ እኔ እቆማለሁ።» አጎቴ ራሱን ነቀነቀ።

መኪናው ሲሄድ አባቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔም ጎኑ ተቀመጥኩ። የማመልጥበት ቦታ አልነበረም፤ አይቶኛል። ሲቆጠር ሲያየኝ ነበር፤ አሥር ሲባልም ዓይኑ እኔ ላይ ነበር።

«እጅሽን አነሳሽ» አለ።

«አነሳሁ።»

«እጫናለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«ዋሽቼህ ነበር፣ አባዬ። ጣቱን ፈልጌ ነበር። እግዜር ያውቃል አሁንም እፈልጋለሁ። ብትቆጣኝ ተቆጣኝ።»

አልተቆጣም። የጓዳው በር በንፋስ ሲንገጫገጭ ሰማን፤ እናቴ ስትጠርግ እግሩን አንስታዋለች ማለት ነው። አባቴ ተነስቶ ሊገባ አለና እንደገና ተቀመጠ። ዘጠኙን ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው።

«ሁለተኛዋ ቀይ እኔ ጎን ነበረች» አለ። «ክንዴ አጠገብ ነበር የቆመችው። እጅሽን ስታነሺ አየሁሽ። እጁ ወደ መጋዙ ሲሄድም አየሁ።»

ዞር ብዬ አየሁት።

«እኔም አልተጫንኳት» አለኝ።